ያልተንኳኳው በር

ሁለት ክፍል ባላት ቤት ውስጥ አርባ አንድ ሰው እንዴት ይኖራል?

አይናዲስ ጥያቄውን ከነወረቀቱ የተቀበለችው በሀደራ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ፣ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄዱ መንገደኞች በሚቆሙበት መድረክ ላይ ነበር። ወረቀቱ የተቆላ ሱፍ በያዘ ከረጢት ውስጥ ተጣጥፏል። ኦፈር በአግዳሚው ወንበር በዚያኛው ጫፍ ተቀምጦ ሱፉን ይፈለቅቃል፤ ገለባውን መዳፉ ላይ ይተፋል።

«ሰርዶ» አለ፣ ዓይኑን ከሐዲዱ ሳያነሣ። ሰርዶ በሥራ ላይ የምትጠራበት ስም ነው። እሱን ደግሞ አናጢው ይሉታል፤ የሚያሰማራትም የሚመልሳትም እሱ ነው።

«እሰማለሁ።»

«ጊቫት ኦልጋ። የመንግሥት ቤቶች ያሉበት ሰፈር። ከመዝገቡ የቀዳሁት ነው፤ አንድ የፖስታ ሳጥን፣ አርባ አንድ ስም። የሳጥኑ ባለቤት ቢራራ የሚባል ሽማግሌ ነው።»

«ስሞቹ ሐሰተኛ ናቸው?»

«እሱን አንቺ ትነግሪኛለሽ። እያንዳንዱ ስም የሚያድርበትን በር አምጪልኝ። ሦስት ሳምንት።»

ባቡሩ ገባ። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። መድረኩ ጭር ሲል ኦፈር የለም። ከረጢቱ ብቻ ቀርቷል። አንሥታ እንደ ራሷ ዕቃ ሱፍ እየፈለቀቀች ወጣች።

የሕዝብ ቆጠራ ሊደረግ ነው። ከቆጠራው በፊት የአገሩ በር ሁሉ በአድራሻ መዝገቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሕንፃው፣ ፎቁ፣ በሩ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ሰው። ያ መዝገብ እያፈሰሰ ነበር። ከውስጥ ሆኖ አድራሻ የሚሸጥ ሰው አለ። ባለፈው ክረምት በአንድ የወንበዴ ቡድን ላይ የመሰከረ ሰው በሌላ ከተማ በገዛ ደጃፉ ተገደለ። በገዳዮቹ ኪስ የተገኘው አድራሻ ከመዝገቡ ጋር አንድ ነበር፤ የመንገዱ ስም የተጻፈበት ስሕተት እንኳ ሳይቀር።

አይናዲስ ያለችበት ስውር የፖሊስ ክፍል የሰጣት ተልእኮ ሻጩን ማግኘት ነው። ለዚህ የተመረጠችው በብልጠቷ አልነበረም። በመልኳና በአማርኛዋ ነበር። ይህን ታውቃለች። እንደ ፈረንጆቹ በ1991 ከኢትዮጵያ በአባቷ ጀርባ ታዝላ ነው የመጣችው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኳት፤ ከዚያ እንግሊዝ አገር። አባቷ አፉላ ከተማ ሲሞት እሷ ፈተና ላይ ነበረች። ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሰው ስለ አገሩ ሲያወራ ግን እስካሁን የምትሰማው ከደጅ እንደቆመ ሰው ነው።

አሁን አንገቷ ላይ መታወቂያ ተንጠልጥሏል። ትሂላ ይላል። የአድራሻ አጣሪ።

አባ ቢራራ በሕንፃው መግቢያ፣ በጥላው ውስጥ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዷል። ከኋላቸው የብረት የፖስታ ሣጥኖች ተደርድረዋል። የሳቸው ሣጥን ላይ በፕላስተር ላይ ፕላስተር የተለጠፈ የስም ዝርዝር አለ፤ አንዳንዱ በአማርኛ ፊደል፣ አንዳንዱ በዕብራይስጥ።

«ሻሎም አባ። ትሂላ እባላለሁ። ከአድራሻ ምዝገባ ነው የመጣሁት።»

«ትሂላ የሚስራድ፣ የቢሮ ስም ነው። ጸሐፊ ነው የሚያወጣው። አባትሽ ማን አለሽ?»

እውነተኛ ስም መስጠት ክልክል ነው። የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። ግን ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሷ እንዳቀኑ መልስ ይጠብቃሉ፤ በዚህ ደጃፍ ሌላ ማለፊያ እንደሌለም ገባት።

«አይናዲስ።»

«የማን ልጅ?»

«የፈረደ። የወገራው።»

«ያ ረጅሙ ፈረደ?» በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ። «አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ስንጠብቅ አንድ ግቢ ነበርን። አንቺን ነው እንዴ ኩፍኝ ይዞሽ አቅፎ ሲያለቅስ ያደረው?» ትከሻዋን ሳሟት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።

እውነቱን የተናገረችው ልትዋሽበት ነበር። ሦስተኛው ስሞሽ ላይ አንገቷን ሰበረች።

«አባ፣ እነዚህ ሁሉ እዚህ ይኖራሉ?»

«ምን፣ ተደራርበው?» ሳቁ። «ከካራቫኑ፣ ከዚያ መጀመሪያ ካሰፈሩን የቆርቆሮ ቤት ስንወጣ ዕብራይስጥ የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። ደብዳቤ ሲመጣ ሰው ይርበተበት ነበር፤ ክስ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁሉም ‹በቢራራ በኩል› አለ። ሰው ቤት ይቀይራል። እኔ አልቀየርኩም። ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፣ ደብዳቤያቸውን ይወስዳሉ፣ ሻባት ሻሎም ተባብለን እንለያያለን። አድራሻ ማለት፣ ልጄ፣ የሚያውቅሽ ሰው ያለበት ነው።»

የአርባ አንዱ ምሥጢር ይኸው ነበር። ሐሰተኛ ስም የለም። የወንጀለኛ ሕዋስ የለም። አንድ ሽማግሌና አንድ ሣጥን።

«አሁንስ ማን ያነብልዎታል?»

«አሁንማ ዓይኔ ሄደ። ያገኘሁትን ሰው እለምናለሁ፤ ሁሉም ይቸኩላል፣ ግማሹን ይውጠዋል።»

«እኔ አነብልዎታለሁ።»

የጎደለውን አይተህ ሙላለት፣ ከዚያ ያንተ ይሆናል። ይህም ትምህርት ነበር። በጥሩ ውጤት አልፋዋለች።

ሦስት ሳምንት አነበበች። ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን በር በበር ትዞራለች፣ ዓርብ ከሽማግሌው ጎን ትቀመጣለች። የቀጠሮ ደብዳቤ፣ የክሊኒክ ደብዳቤ፣ የማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ። ሰው ይመጣል፣ ይሰማል፣ ይመርቃታል። እሷ ደግሞ መልሳ «የት ነው የሚያድሩት?» ትላለች።

እማ ብዙዬ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ቁመታቸው ከፖስታ ሣጥኑ እኩል ነው።

«ቆጣሪዋ መጣች» ይላሉ ገና ሲያዩዋት። «ጥርሳችሁን ግጠሙ፣ ትቆጥርባችኋለች።»

«የእርስዎን ጨርሻለሁ እማ። ሁለት ናቸው።»

«ውሸት። አንዱን ለበዓል አስቀምጬዋለሁ።» ግቢው ይስቃል። «ባል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ቆጠራውን ከዚያ አትጀምሪም ነበር?»

«እማ፣ እርስዎ የት ነው የሚኖሩት?»

«እኔ? ቢራራ ደጅ ነው የምኖረው። ለመተኛት ብቻ ነው የምወጣው።»

ደግሞ ተሳቀ። አይናዲስም ስቃ ጻፈች፤ ብዙዬ፣ ሕንፃ አምስት፣ ከቢራራ ጋር።

በሁለተኛው ሳምንት ሐምሲን ነፈሰ፤ ከበረሃ የሚመጣው አቧራ አዘል ትኩስ ነፋስ። የኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች በአቧራው ውስጥ ጠፉ። ሕንፃ ዘጠኝ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ፣ በር አስራ አራት። መዝገቡ ባዶ ይላል። የሥራው ሕግ አንዲት ናት፤ ሳታንኳኪ ምልክት አታድርጊ። አይናዲስ ከታች ቀና ብላ አየች። የመስኮቱ መዝጊያ ተዘግቷል። ቲሸርቷ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል።

ታብሌቷ ላይ ምልክት አደረገች። ባዶ።

አባ ቢራራ አንድ ጊዜ፣ ከታች ሆና ስማቸውን ስትጣራ፣ «እንዲህ አይደለም» ብለዋት ነበር። «ሰው ከታች አይጠራም፤ ነውር ነው። ወጥተሽ አንኳኪ።» እንግሊዝ አገር የተማረችው ብዙ ነገር ነበረ፤ ይህ ግን አልነበረበትም።

በሦስተኛው ዓርብ፣ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ አንዲት ሴት መጣች። አርባ ዓመት ይሆናታል፤ ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ደብዳቤዋን ወስዳ ሳትቀመጥ አይናዲስን አየቻት።

«ይቺ ማናት?»

«የፈረደ ልጅ ናት» አሉ አባ ቢራራ።

«ታብሌቱ ፎቶ ያነሣል?»

«አያነሣም» አለች አይናዲስ። ያነሣል።

ሴትየዋ ስትሄድ ሽማግሌው ጠጋ አሉ። «አስመረች ናት። የብዙዬ የእህት ልጅ። የምትሠራበትን ሱቅ እየዞሩ የሚያስፈራሩትን ሰዎች ፍርድ ቤት ቆማ ስም በስም ጠራቻቸው። ዋናው ታሰረ፣ ወንድሞቹ ይፈልጓታል። መንግሥት ስሟን ደበቀ። እኛ ደግሞ እሷን ደበቅን።» ከዚያም ሳትጠይቃቸው ነገሯት፤ ከምኩራቡ ጀርባ፣ የትኛው ሕንፃ፣ የትኛው በር። «እኔ ድንገት ብወድቅ ደብዳቤዋን የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ የፈረደ ልጅ ነሽ።»

እሷም ጻፈችው።

እሑድ ዕለት ሀደራ መሃል ከተማ፣ የምዝገባው ቢሮ ውስጥ፣ ሥራዋን ለማስገባት ተቀመጠች። የኦፈርን ወረቀት ከስክሪኑ ጎን ዘረጋች። በቢራራ ሣጥን የተመዘገቡትን አንድ በአንድ አመሳከረች።

ስክሪኑ ላይ አርባ።

ደግማ ቆጠረች። አርባ።

ወረቀቱ ላይ አርባ አንድ።

ትርፉ ስም አስመረች ነው።

ገባት። የምስክር ስም በመዝገቡ ውስጥ ይቆለፋል፤ ለአጣሪም፣ ለአለቃም፣ ለኦፈርም አይታይም። «ከመዝገቡ የቀዳሁት ነው» ብሏት ነበር። ከመዝገቡ ሊቀዳው አይችልም። ስሙን የሰጡት የሚፈልጓት ሰዎች ናቸው። ደብዳቤዋ በየትኛው ሣጥን እንደሚያልፍ ደርሰውበታል፤ በሯን ነው ያጡት።

አናጢው ሐሰተኛ ስም አይፈልግም። የሚፈልገው አንዲት ሴት ነው። አርባው አጃቢ ናቸው።

በሯን የምታመጣለት ደግሞ የፈረደ ልጅ ናት።

ስልኳ ነዘረ። «ዝርዝሩን ሐሙስ» ይላል። አናጢው።

ወደ ገበያው ወጣች። ከዓሣ ሻጮቹ ጩኸት መሃል ቆማ፣ ለክፉ ቀን የተሰጣትን ቁጥር ደወለች። ያርደን አነሣች። ያርደን የክፍሉ መርማሪ ናት፤ የገዛ ሰዎቻቸውን የምትመረምር። ሚዛን ይሏታል።

«ሰርዶ ነኝ። ሻጩ አናጢው ነው።»

«ማስረጃ?»

«ሊያውቀው የማይችል ስም በእጁ አለ።»

«አንድ ስም ለዳኛ አይበቃም። ሲሸጥ መያዝ አለበት። ለሴትየዋ የውሸት በር ስጪው። ገዢዎቹ እዚያ ሲደርሱ እንይዛቸዋለን። ባዶ ቤት ታውቂያለሽ?»

«ሕንፃ ዘጠኝ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በር አስራ አራት።»

«ባዶ መሆኑን በዓይንሽ አይተሻል?»

አላየችም።

«አይቻለሁ» አለች።

ለምን እንዳለች በኋላ ስንት ጊዜ ራሷን ጠየቀች። ሰነፈች እንዳይሏት ነበር። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በጊቫት ኦልጋ የባሕር ዳርቻ፣ ነጭ ቀለም የተቀባው የሕይወት አድን ጠባቂዎች ማማ አጠገብ ተገናኙ። ኦፈር ጫማውን አውልቆ እግሩን አሸዋ ውስጥ ቀብሯል። ከረጢቱን ተቀበላት፣ ሱፍ ዘገነ፣ ወረቀቱን ገለጥ አደረገ። ዓይኑ ከላይ አልጀመረም። በቀጥታ አንድ መሥመር ላይ አረፈ።

«አርባ አንዱም?»

«አርባ አንዱም።»

«በር በበር?»

«በር በበር።»

«ጎበዝ ነሽ፣ ሰርዶ። ሰዎችሽ ይወዱሻል።»

ሁለቱም እየዋሹ ነበር፤ የመጨረሻዋ ቃሉ ግን እውነት ነበረች።

አስመረችን ያርደን ሐሙስ ማታውኑ ከሰፈሩ አወጣቻት። እሷ ዳነች። ይህን አይናዲስ ለራሷ ብዙ ጊዜ ትነግረዋለች።

ሰዎቹ እስከ እሑድ አይመጡም ተብሎ ነበር። የመጡት ዓርብ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ናቸው፤ የዕቃ አድራሽ ልብስ ለብሰዋል፣ ካርቶን ይዘዋል። የያርደን ሰዎች ከደረሱ አሥር ደቂቃ አልሞላቸውም። ግማሾቹ ጣሪያው ላይ፣ ግማሾቹ ሁለተኛ ፎቅ። አይናዲስ ከመንገዱ ማዶ፣ የአጣሪ ሰደርያዋን ለብሳ፣ ታብሌት እያየች ቆማለች።

«ገቡ» አለች በማይክሮፎኑ።

«በሩን እስኪሰብሩ ማንም አይንቀሳቀስ» አለች ያርደን።

አንደኛ ፎቅ። ሁለተኛ። የደረጃው መስኮት ካርቶኑን ያሳያል፣ ይሰውራል፣ ያሳያል።

ሦስተኛ።

አራተኛ።

አንኳኩ።

እነሱ አንኳኩ።

ከዚያ በሩ ሳይሰበር ተከፈተ።

በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ፣ ከደረጃው ላይ የመጣ ቀጭን ድምፅ ሰማች። «ማነው? ቢራራ ነህ? መምጣቴ ነው እኮ፣ ጫማዬን ላድርግ።»

አይናዲስ ስሟንም ሕጉንም ረሳች። «ሰው አለ» ብላ ጮኸች። «ቤቱ ውስጥ ሰው አለ። ግቡ።»

ከላይም ከታችም ሮጡ። አንደኛው ሰው ሽጉጡን ሳያወጣ ተያዘ። ሁለተኛው ወደ ደረጃው ሲፈተለክ በሩ ላይ የቆመችውን ትንሽ ሴት በትከሻው ገፋት።

ሁሉም ነገር አርባ ሰከንድ አልፈጀም። ተኩስ አልነበረም። ያርደን በኋላ በዘገባዋ ላይ «ንጹሕ ሥራ» ብላ ጽፋለች።

አይናዲስ አራቱን ፎቅ ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ። እማ ብዙዬ ከበሩ በታች ባለው የደረጃ ማረፊያ ላይ ወድቀው ነበር፤ አንድ እግራቸው ጫማ አለው፣ አንዱ የለውም።

«ቆጣሪዋ» አሉ ሲያዩዋት። ለመሣቅ ሞከሩ። «ዛሬ እንኳ ወጣሽ።»

ኦፈርን ያን ቀን ቀትር ላይ በሀደራ ምዕራብ፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ያዙት። መዳፉ ውስጥ የሱፍ ገለባ ነበር። ሲወስዱት ገለባውን የት እንደሚጥለው ያጣ ይመስል ነበር፣ ጨብጦት ሄደ።

የእማ ብዙዬ ዳሌ ተሰብሯል። ሀኪሞቹ በዚህ ዕድሜ ይከብዳል አሉ። በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

በስምንተኛው ቀን አይናዲስ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። እንዳትሄድ ታዝዛ ነበር። አባ ቢራራ በኮሪደሩ ግድግዳውን እየዳሰሱ ሲመጡ አገኘቻቸው። እርምጃዋን ያውቁታል፤ ቆሙ።

«አይናዲስ?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«ከአስመረች ሰምቻለሁ። ደውላ እሷን ማትረፍሽን ነገረችኝ። እግዜር ይስጥሽ።» በትራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤቱ ባዶ ነው ብለሽ ነበር አሉ። ብዙዬ እዚያ አምስት ዓመቷ ነው። በሩን አንኳኩተሽ ነበር?»

ሐምሲን ነበር ማለት ትችላለች። መዝገቡ ባዶ ይላል ማለት ትችላለች። ብዙዬ ራሳቸው ቀለዱብኝ ማለትም ትችላለች።

«አላንኳኳሁም።»

ይረግሙኛል ብላ ጠበቀች። ቢረግሟት ይሻላት ነበር።

«እሺ» አሉ። ነጩ ዓይናቸው ከትከሻዋ በላይ የሆነ ነገር ያይ ነበር። «እሺ፣ ትሂላ።»

ግድግዳውን እየዳሰሱ አለፏት።

ለቅሶው ላይ አልተገኘችም፤ አስመረችም አልተገኘችም፤ አይናዲስ ማንነቷ ታውቋል ተብሎ፣ አስመረች እንዳትታወቅ ተብሎ። አይናዲስ አንድ ቀን ብቻ፣ በአውቶቡስ መስኮት፣ ድንኳኑን አየችው። የፕላስቲክ ወንበሮቹ መንገዱ ድረስ ወጥተዋል። ሰው ሞልቷል። አልወረደችም።

ከወር በኋላ ቢሮው ለማስረከብ ጠራት። አንድ ወጣት ጸሐፊ ስክሪኑን አዞረላት፤ ደስ ብሎታል። ጊቫት ኦልጋ ተስተካክላለች። ከደረሰው ነገር በኋላ ሰዎቹ ራሳቸው እየመጡ አድራሻቸውን አስመዝግበዋል፤ እያንዳንዱ በየበሩ። በቢራራ ሣጥን የቀረው ቢራራ ብቻ ነው። በር አስራ አራት አሁንም ባዶ ይላል። በዚህ ጊዜ ትክክል ነው።

«ድሮ ምን ነበር ያ ሁሉ ሰው?» አላት ጸሐፊው።

«አላውቅም» አለች።

መታወቂያዋን መለሰች። ትሂላ በመቀስ ተቆረጠች። ክፍሉ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም ሰጣት። ምስጋናም ነበረው፤ በቃል ብቻ፣ ምንም ሳይጻፍ።

በአዲሱ ከተማ፣ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ጻፈች። በአማርኛ። ፊደሏ እንደ ልጅ ፊደል ነው፤ አባቷ ካስተማራት ወዲህ አልጻፈችበትም። ሰበብ አልጻፈችም። «አባ፣ አይናዲስ የፈረደ ልጅ ነኝ። አላንኳኳሁም። ሰነፍኩ፣ ከዚያ ዋሸሁ። ቢፈቅዱልኝ መጥቼ በርዎን አንኳኩቼ በደጅዎ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቢፈቅዱልኝ ብቻ።» ከሥር የስልክ ቁጥሯን ጻፈች፤ የክፍሉን አይደለም፣ የራሷን። ይህም ክልክል ነው።

በፖስታው ላይ አድራሻውን ሞላች። ሕንፃው፣ ፎቁ፣ በሩ፣ ያለ አንድ ስሕተት። መንገድ ዳር ካለው ቀይ ሣጥን ውስጥ ጣለችው፤ ታች ሲያርፍ ሰማችው።

ሣጥኑ ፊት ቆማ ሳለች ነው ትዝ ያላት። አባ ቢራራ አያዩም። ደብዳቤ የምታነብላቸው እሷ ነበረች።

ስልኩን እስከ ዛሬ ከእጇ አትለየውም። አልጮኸም።